ለመቅረብ ብርሃን ያስፈልጋል

ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሳይተያዩ ሊከርሙ እንደሚችሉ በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ይህንኑ ጉዳይ ከካሜራ ሌንስ ጋር አያይዤ ላነሣው እወዳለሁ፤ በቅርቡ በገዛ ቤቴ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነውና።

በቅድሚያ እናንተም ልትሞክሩት የምትችሉትን ቀላል ነገር ልንገራችሁ። አንድ አጉሊ መነጽርና ነጭ ወረቀት ያዙ። ከመስኮቱ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ወረቀቱን ከመነጽሩ ጀርባ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱት። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ ውጭ ያለው ዛፍና ሰማይ ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ይታያል። (ልጆች በመነጽሩ ፀሐይን እንዳያዩ አደራ፤ ዓይን ያጠፋል።) ያን ጊዜ በመነጽሩና በወረቀቱ መካከል ያለው ርቀት የሌንሱ የትኩረት ርቀት ይባላል። 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። አሁን ሻማ አብርታችሁ ከሌንሱ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ብታቆሙ፣ ምስሉ የሚጠራው ወረቀቱ በሌላው በኩል 20 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ነው፤ መጠኑም ከነበልባሉ ጋር እኩል ይሆናል። ሻማውን ወደ 15 ብታቀርቡት ወረቀቱ ወደ 30 መሸሽ አለበት። ሻማው ከ10 ሲያንስ ግን ወረቀቱን የትም ብታደርጉት ምስል አታገኙም።

የካሜራም ሕግ ይኸው ነው። በጣም የቀረበን ነገር ለማንሣት ሌንሱ ከካሜራው ራቅ ማለት አለበት። ለዚህ የሚሆን ቱቦ ይሸጣል፤ እኔ ግን ከካርቶን ልሥራው ብዬ ተነሣሁ። የካሜራውን የፕላስቲክ ክዳን መሐሉን ቆርጬ፣ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የካርቶን ቱቦ በፕላስተር አጣበቅሁበት። ብርሃን እየተንጸባረቀ ምስሉን እንዳያደበዝዘው ውስጡን በማያብረቀርቅ ጥቁር ወረቀት ለበጥኩት። ከፊቱ አንድ አሮጌ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አሰርኩ። ሌንስ በራሱ የትኩረት ርቀት ያህል ወደ ፊት ሲወጣ ዕቃውን በትክክለኛ መጠኑ ያነሣል።

ምን ላንሣ ብዬ ሳስብ የባለቤቴ የጋብቻ ቀለበት ትዝ አለኝ። ውስጡ የሠርጋችን ቀን ተቀርጾበታል። “እስቲ አንዴ አውልቀሽ ስጪኝ” አልኳት። ቀድሞ በሳሙና ካልሆነ የማይወጣው ቀለበት ሸርተት ብሎ ወጣ። አይቼዋለሁ፤ ልቤ ግን ቱቦው ላይ ነበር። “ምነው ከሳሽ?” አልኳት ቀና ሳልል። “ምንም” አለችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሁሉ ተበላሹ። ሌንሱ ይህን ያህል ወደ ፊት ሲወጣ ወደ ካሜራው የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጨለሙ። ያለችውን ብርሃን ላስገባ ብዬ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ስከፍተው ደግሞ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስስ ቦታ ብቻ ሆነ፤ አንዱ ቁጥር ሲነበብ ጎረቤቱ ብዥ አለ። ቀዳዳውን ከ2 ወደ 16 ሳጠብበው ብዥታው ቀነሰ፤ ብርሃኑ ግን ከ64 አንድ እጅ ብቻ ቀረ። መፍትሔው መብራት ማቅረብ፣ ካሜራውንም ለረጅም ጊዜ ክፍት አድርጎ ሳይነቃነቅ ማቆየት ነው። ካሜራውን የምስር ከረጢት ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ። ቀኑ አንድ በአንድ ተነበበ።

ቀኑን ሳነብ “ምንም” ያለችው ድምፅ ተመለሰብኝ። ለቀለበቱ መብራትም ጊዜም ሰጥቻለሁ፤ የቀለበቱን ባለቤት ግን በአንድ ጥያቄ አልፌያታለሁ።

ዕቃዬን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወዲያው አልተናገረችም፤ እኔም አላጣደፍኳትም። በመጨረሻ ነገረችኝ። በመሥሪያ ቤቷ ሠራተኛ ይቀነሳል ከተባለ ሁለት ወር ሆኖታል፤ እንቅልፍም እህልም እምቢ ብሏታል። “ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት። “አንድ ቀን ጀምሬልህ ነበር። ‘እንጸልይበታለን’ ብለህ ተነሥተህ ሄድክ” አለችኝ። እውነቷን ነው። አልጸለይንበትምም።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ (3፥7) ባሎች ሚስቶቻቸውን አስተውለው እንዲኖሩ ያዛል፤ ይህን ቸል ማለት ጸሎታችንን እንደሚያሰናክልም ያስጠነቅቃል። እኔ “እንጸልይበታለን” የሚለውን ቃል ከመስማት ማምለጫ አድርጌው ነበር። ዮሐንስም በመጀመሪያ መልእክቱ (1፥7) እርስ በርስ ያለንን ኅብረት በብርሃን ከመመላለስ ጋር ያያይዘዋል። በቤታችን ያ ብርሃን የሚጀምረው እውነቱን ሳይደብቁ ከመነጋገር ነው።

እኅቶቼም እንዲሁ። ባላችሁ ዝም ሲል በጥያቄ አታፋጥጡት፤ ከልክ በላይ ሲጠጉም ምስሉ ይጠፋል። ጊዜ ስጡት እንጂ።

የዚህ ወር የቤት ሥራችሁ ቀላል ነው። አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ዝጉና ተራ በተራ “ሰሞኑን ምን ከብዶሃል? ምን ከብዶሻል?” ተባባሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ምክር አይስጥ፤ ይስማ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ በዚያው ነገር ላይ በስሙ ጠርታችሁ ጸልዩ፤ ለነገ አታሳድሩት።

የባለቤቴ የሥራ ጉዳይ ይህን ስጽፍ ገና አልለየለትም። ቀለበቱን እንዳይወድቅባት ክር ጠምጥማበት አድርጋዋለች። ማታ ማታ አብረን እንበላለን፣ አብረንም እንጸልያለን።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።