ራፖር ጸሐፊውና አዲሱ መሣሪያ

በኢትዮጵያ ከተሞች ከፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛውን ዘርግቶ የባለጉዳይን አቤቱታ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ የቆየ ባለሙያ ነው። ሙያውን የሚያከብር ራፖር ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ባለጉዳዩን ይመረምራል። ነገሩ መቼ ተፈጸመ? ማን አየ? ውሉ በእጅህ አለ ወይስ ጠፍቷል? እያለ ይጠይቃል። ባለጉዳዩ መልስ ቢያጣ ከራሱ አመንጭቶ አይጨምርም፤ ቢጨምር በችሎት ፊት የሚያፍረው ባለጉዳዩ መሆኑን ያውቃልና።

ዛሬ ይህን የመጻፍ ሥራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ እየተጋራው ነው። ቻት ጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ በሕግ ሙያ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች የማመልከቻ ደብዳቤያቸውን በእርሱና በመሰሎቹ ማስጻፍ ይዘዋል። ይህን በደፈናው ማውገዝ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለምን ቢሉ፣ የጎልቦን ወጣት ሁኔታ መመልከት ይበቃል።

ጎልቦ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ ወረዳ የምትገኝ ቀበሌ ናት። የሞያሌ ከተማ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ለሁለት የተከፈለች ስትሆን፣ ከናይሮቢም ሆነ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዚያ አካባቢ ወጥቶ በኬንያ ጠበቃ ለመሆን የሚሻ ወጣት በዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪ ካገኘ በኋላ በኬንያ የሕግ ትምህርት ቤት መሠልጠን፣ ደግሞም በአንድ ነባር ጠበቃ ሥር ለ6 ወራት መለማመድ ይጠበቅበታል። የልምምዱን ቦታ ለማግኘት ለማያውቃቸው ቢሮዎች ደብዳቤ መጻፍ አለበት። በናይሮቢ የሚኖረው የጠበቃ ልጅ ደብዳቤውን አባቱ በራት ሰዓት ያርምለታል። የከብት አርቢው ልጅ ግን በቤቱ እንዲህ ያለ አራሚ የለውም። መሣሪያው የእንግሊዝኛውን ግድፈት ቢያቃናለት፣ የደብዳቤውንም አሰካክ ቢያሳየው ምን ነውር አለበት?

ነውሩ የሚመጣው ወጣቱ ብዕሩን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም አሳልፎ የሰጠ እንደሆነ ነው። መሣሪያው እንደ ራፖር ጸሐፊው አይመረምርም፤ የጎደለውን አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ይሞላል። «ለጠበቃ ቢሮ ደብዳቤ ጻፍልኝ» ብቻ ቢባል፣ ታታሪ ነኝ፣ ከሰው ጋር ተባብሬ እሠራለሁ የሚል፣ ማንም የማይጠላው፣ ማንም ግን የማያስታውሰው ጽሑፍ ያቀርባል። የጎልቦው ወጣት ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያልተነገረ ሀብት ሊኖረው ይችላል። ኦሮምኛን ከነቦረና አነጋገሩ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛን፣ ምናልባትም ከወሰን ማዶ የተማረውን አማርኛ ይናገር ይሆናል። ሽማግሌዎች በውሃ ጉድጓድ ተራና በግጦሽ የተጣሉትን ሲያስታርቁ ተቀምጦ ሰምቶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 159 ባህላዊ የዕርቅ ሥርዓቶች እንዲበረታቱ ደንግጓል። እንግዲህ የመሬትና የወሰን ክርክር ለሚይዝ ቢሮ ይህ ዕውቀት ከታታሪነት ቃል ኪዳን ይበልጣል። መሣሪያው ካልተነገረው በቀር ከየት ያውቀዋል?

ከዚህ የከፋው ሐሰቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ፣ አቪያንካ በተባለው አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ፣ የከሳሹ ጠበቆች ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በየትኛውም ፍርድ ቤት ያልተሰጡ ውሳኔዎች ጠቅሰው በመገኘታቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እነዚያ ልምድ ያላቸው ጠበቆች ነበሩ። በኢትዮጵያም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ በቅጽ ታትመው ይወጣሉ። ቅጹን ሳይገልጥ፣ መሣሪያው የሰጠውን የመዝገብ ቁጥር በጽሑፉ ላይ ያሰፈረ አመልካች፣ ገና ሳይቀጠር ለሙያው አለመብቃቱን በራሱ ፊርማ አረጋገጠ ማለት ነው። መሣሪያው በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ ነገር ያነበበው ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ድፍረቱ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የሠራ ተማሪም ልምዱን ሲያስጽፍ የባለጉዳይን ስምና ምስጢር ወደ መሣሪያው ማስገባት አይገባውም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አውጥተዋል።

ቀጣሪዎችም ማመልከቻ ለመለየት በመሣሪያ ይጠቀሙ የለም ወይ የሚል ክርክር ይነሣል። ይጠቀሙ ይሆናል፤ ነገር ግን ደብዳቤውን የፈረመበት አመልካቹ ነው።

ስለዚህ አመልካቹ አስቀድሞ በራሱ ቃል፣ ቢሰባበርም እንኳ፣ ይጻፍ። ከዚያም መሣሪያውን «ከማረምህ በፊት ያልገባህንና የጎደለውን ጠይቀኝ» ብሎ ይዘዘው፤ እንዲህ ሲታዘዝ ይጠይቃል። የተመለሰለትን ጽሑፍ ቃል በቃል ያንብብ፤ እርሱ ያልሠራውን ሥራ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ካገኘ ይሰርዝ። ቀጣሪው ለቃል ፈተና በጠራው ቀን ስለዚያ የውሃ ጉድጓድ ክርክር ማን ከማን ተጣላ፣ ሽማግሌዎቹስ በምን ፈረዱ ብሎ ቢጠይቀው፣ የሚመልሰው እርሱ ብቻ ነው።