ክፍሉ በሙሉ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበረው፤ እህቴን ተክቼ ሄድኩ። የተጠራነው ስለ ክፍያና ስለ ሰርቪስ ልንነጋገር ነው። አንድ አባት ግን እጃቸውን አወጡና ቲክቶክን አነሱ፤ ከዚያ በኋላ ሰርቪሱን ያስታወሰ የለም። «መፍትሔው አንድ ነው፤ ስልኩን መቀማት! አውስትራሊያ እንኳ ከ16 ዓመት በታች ላሉት ዘግታለች» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ ንዴቱ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከመቀማት ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ልጅ ኳስ ካበዛ ኳሱን መቀማት፣ ልብ ወለድ ካበዛ መጽሐፉን መቀማት፤ አሁን ተራው የስልክ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በተዘጉ ጊዜ በየቤቱ ቪፒኤን አውርዶ ለእናት ለአባቱ የጫነው ማን ነበር? እነዚሁ ልጆች ናቸው። አምስት ወር ሙሉ የአገር በር ተዘግቶባቸው በመስኮት የገቡትን የአባት ኪስ ያቆማቸዋል? የአውስትራሊያው ሕግም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ጸድቆ ዲሴምበር 10 ቀን 2025 ሥራ ላይ ሲውል ግዴታውንም ቅጣቱንም የጣለው በኩባንያዎቹ ላይ ነው። ልጁንም ወላጁንም አይቀጣም። አዳራሹ ይህን ለመስማት ጊዜ አልነበረውም።

ለስልኩ ጥብቅና ቆሜ አይደለም። በጣት በተገፋ ቁጥር ማለቂያ የሌለውን ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የፈጠረው አዛ ራስኪን ራሱ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ጋዜጣ ገጹ ያልቃል፤ ቡና እንኳ በረካ ላይ ያበቃል። ልጆቻችን እጅ ላይ ያለው ነገር ግን «በቃሽ» እንዳይል ተደርጎ የተሠራ ነው። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባወጣቻቸው የኩባንያው ሰነዶች ውስጥ፣ ስለ ሰውነታቸው በሚከፋቸው ጊዜ ኢንስታግራም እንደሚያብስባቸው የተናገሩ ታዳጊ ሴቶች 32 በመቶ ናቸው። ቁጥሩን ያወጡት የኩባንያው የራሱ አጥኚዎች ነበሩ። ኩባንያው እያወቀ መቀጠሉ ደሜን ያፈላዋል። ሆኖም ልጅ ታሞ ቤት ውስጥ ሲተኛ፣ ካሊፎርኒያ ያለውን ጥፋተኛ መርገም ትኩሳቱን አያወርድም።

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው፤ አንብባዋለችም። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዴስኩ ላይ ደፋ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት፤ አፏም በትንሹ ተከፈተ። አንዱ ፎቶ አነሳት። ማታውን ፎቶው ስቲከር ሆኖ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ደከመኝ፣ ሰለቸኝ፣ ሒሳብ አስጠላኝ ማለት ያማረው የእሷን ፊት ይልክ ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት ሆዴን አለች፤ በሦስተኛው ራሴን። እናቷ ጨጓራ ነው ብላ ክሊኒክ ወሰደቻት። እንጦጦ ጸበልም ወሰደቻት፤ ከእናቷ ጋር ብቻዋን ያን ያህል ሰዓት ሆና አታውቅም ነበርና፣ ያን ማታ ከብዙ ቀን በኋላ እንቅልፍ ተኛች። ከዚያ ግን ያው ሆነች። እነሱ ቤት ባደርኩበት አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ውኃ ልጠጣ ስነሣ ከብርድ ልብሷ ሥር ብርሃን አየሁ። ገለጥኩት። እያለቀሰች አልነበረም። ግሩፑን ወደ ላይ እየሳበች ፊቷ ስንት ጊዜ እንደተላከ ትቆጥራለች።

ያን ሌሊት ስልኩን ብንቀማት ምን እናተርፍ ነበር? ስቲከሩ በሌሎቹ ስልክ ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል። እሷ ማየቱን ስታጣ ያላየችውን መገመት ትጀምራለች፤ ግምት ደግሞ ልክ የለውም።

ትምህርት ቤቱ አማካሪ አለው። የአማካሪው ክፍል ግን ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ጋር አንድ በር ይጋራል፤ ያረፈደና የተደባደበ ተማሪ ተንበርክኮ የሚጠብቀው እዚያው በር ላይ ነው። ለምን እንዳልሄደች ስጠይቃት «እቴቴ፣ እዛ የሚገባ እኮ ያጠፋ ነው» አለችኝ። ኋላ ላይ ጨክና ገብታ ነበር። «ስቲከር ነው? እኛ በልጅነታችን ስንት ስም ወጥቶልናል፤ ቻይው» ተብላ ወጣች።

ከዚህ በኋላ ነው ሆስፒታል ያሰብነው። እህቴ «የአእምሮ ሕክምና» የሚለውን ስትሰማ ወዲያው በመስኮቱ ወደ ጎረቤት አየች። አልፈርድባትም። ስንት ዘመን ለሕሙማን ደጁን ከፍቶ የኖረውን የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም እንደ ስድብ ስንወራወር ያደግን ሰዎች ነን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን፤ በሽታዋን የነገረችውን ግን ሰፈሩ በዓይኑ ይከተላታል። ሦስት ቀን ተከራክረን በአራተኛው ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ሄድን።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ወጣት ናት። እኛን አስወጥታ ከልጅቷ ጋር ለብቻ ተቀመጠች። ስትወጣ ምን እንዳለቻት ብጠይቃት፣ «ምንም። ዝም ስል እሷም ዝም አለች» አለችኝ። በሳምንቱ «ቀጠሮው መቼ ነው?» ብላ የጠየቀችን ራሷ ናት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዛ ተመለሰች። ገጹ በአራት ተሰምሯል፦ ሰዓት፣ ያየሁት፣ ያሰብኩት፣ የተሰማኝ። የመጨረሻው ከ10 ይሰጠዋል። ሐሳብን ጽፎ በማስረጃ የመመርመሩን ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስጀመረው አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ነው። ሞልታ ስታመጣው «ያሰብኩት» በሚለው ሥር ከገጽ ገጽ የሚደጋገም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ፦ ክፍሉ በሙሉ ይስቅብኛል። እኔ ብሆን «ኧረ ባክሽ፣ ማን ይስቅብሻል!» ብዬ አልፈው ነበር። ባለሙያዋ ግን «ክፍሉ ስንት ነው?» አለቻት። 52። «እስቲ የላኩትን በስም ጻፊልኝ።»

ጻፈች። ስድስት ሆኑ። ግሩፑን እንደገና ስታየው ደግሞ ሦስት ልጆች «ይብቃችሁ» ብለው ጽፈው አገኘች። ያን ሁሉ ሌሊት ስትቆጥር አላየቻቸውም ነበር። ከሦስቱ አንዷ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ትመጣለች።

ስልኩም ቢሆን ዝም አልተባለም። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሳሎን ቡፌው ላይ ቻርጅ ይደረጋል፤ የእናቷም ስልክ አብሮ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። «የእናትየውም አብሮ» የሚለውን ያስገባችው ባለሙያዋ ናት፤ እህቴ ተቆጣች፤ ኋላ እሺ አለች። ሕጉ ከልጅቷ ጋር ተመክሮበት ስለወጣ መቀማት አልሆነም። ስቲከሩ አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዱ ልኮታል። ደብተሩ ላይ «የተሰማኝ፦ 4» ትላለች። ጥቅምት ላይ ቢሆን 10 ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ምክር» የሚለው ቃል ሐሳቤን ይዞታል። በእኛ ቤት ምክር ማለት ትልቁ ይናገራል፣ ትንሹ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የመከረ ሁሉ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ቋንቋችን ግን መማከር፣ መመካከር የሚሉም አሉት፤ ያለ ሁለት ሰው አይሆኑም። ያቺ ወጣት የሠራችው ይህን ነው። ስታዳምጥ ዋለች፤ የተናገረችው ጥቂት ጥያቄ ነው። «የምክር አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ሰቅለን ልጅን አስቀምጠን የምንናገርበት ቦታ ከከፈትን ስሙን ብቻ ነው የወሰድነው።

ባለሙያ የት ይገኛል የሚል ካለ ወደ ዚምባብዌ ልውሰደው። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ፣ ምባሬ በሚባለው ሰፈር 14 አያቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያ ደጅ የእንጨት አግዳሚ ተቀመጠላቸው፤ የጨነቀው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። ሰዎቹ በሽታቸውን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። የእኛም እናቶች የሚሉት ይህንኑ አይደል? በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 አዋቂዎች የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ የድብርት ምልክታቸው በብዙ ቀንሶ ተገኘ። አያት እዚህስ ሞልቷል። ማሠልጠንና አግዳሚ ማስቀመጥ ነው የቀረን። ሕመሙ ለጠናበት ደግሞ ሆስፒታሉ አለ።

የወላጆች ስብሰባው በሚቀጥለው ወር ይቀጥላል ተብሏል። ጭብጨባው የእኚያ አባት ይሁን፤ እጄን አውጥቼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የአማካሪውን ክፍል ከዚያ በር አንሡት። ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባዶ ክፍል አለ። የተሰበረ ዴስክ ተከምሮበታል፤ መስኮቱ ወደ አትክልቱ ነው፤ የራሱም በር አለው።