«ነገሩኝ» የምትለዋ ቃል፦ ስለ ላሊበላ በሚጻፉ የተማሪዎች ጽሑፎች የምንጭ አጠቃቀስ

ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚጽፍ ተማሪ በመግቢያው ላይ ሥራው በ23 ወይም በ24 ዓመት እንደ ተፈጸመ ማስፈሩ የተለመደ ነው። ማን እንዳለው፣ መቼና ከየት አግኝቶ እንዳለው ግን ብዙ ጊዜ አይገለጽም። ምንጭ ሲጠቀስም የጉብኝት መምሪያ ወይም ሌላ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። የምንጭ አጠቃቀስ በቅንፍና በነጥብ አቀማመጥ ብቻ ሲለካ ቅርጹ ይሟላል፤ ምስክሩ ግን ሳይታወቅ ይቀራል።

የፖርቱጋሉ ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፍ ለዚህ ማሳያ ይሆናል። አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲቆይ ላሊበላን ጎብኝቷል፤ መጽሐፉም በ1540 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የአብያተ ክርስቲያናቱን ቅርጽ የጻፈው በዐይኑ አይቶ ነው። ሥራው በ24 ዓመት እንዳለቀና ሠሪዎቹም ነጮች እንደ ነበሩ የጻፈው ግን ሰዎች እንደ ነገሩት በመግለጽ ነው። ይህም ከንጉሡ ዘመን ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የተሰማ ወሬ ነው። «እንደ አልቫሬዝ ምስክርነት ሠሪዎቹ የውጭ ሰዎች ናቸው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የመጽሐፉን ርእስና ገጽ ሳያዛንፍ ቢያሰፍር እንኳ በትክክል ጠቀሰ አይባልም፤ «ነገሩኝ» የሚለውን ጥሎ ወሬውን ማስረጃ አድርጎታልና። በዚህ ግድፈት የላስታ ጠራቢ የእጁን ሥራ ይነጠቃል።

ገድለ ላሊበላም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከረዥም ጊዜ በኋላ ነው፤ ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በ1892 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። መላእክት ከጠራቢዎቹ ጋር እንደ ሠሩ የሚናገረው ይህ ድርሰት ሕዝቡ ንጉሡንና ሥራውን እንዴት እንዳከበረ ለማወቅ ዐቢይ ምንጭ ነው። በሌላ በኩል ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከሕንፃዎቹ አሠራር በመነሣት ሥራው በአንድ ዘመን እንዳልተፈጸመና ከፊሉም ከንጉሡ እንደሚቀድም ተከራክሯል። የተማሪው ድርሻ ሁለቱን ማደባለቅ ሳይሆን እያንዳንዱን በየባለቤቱ ስም ማቅረብ ነው። ገድሉን ያገኘው በሌላ ጸሐፊ በኩል ከሆነም ያንኑ መግለጽ ይገባዋል።

ምንጭ መጥቀስ ከውጭ የመጣ ሥርዓት ነው የሚል አስተያየት ይሰማል። የቅንፉ አቀማመጥ ከውጭ መምጣቱ እውነት ነው፤ ግዴታው ግን የአገሩ ነው። የአንድምታ ሊቃውንት ጥቅሱን አቅርበው «እንዲል» ይላሉ። የክብረ ነገሥት መደምደሚያ ደግሞ መጽሐፉ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በ409 ዓመተ ምሕረት፣ ማለትም በ1225 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ወደ ግእዝ የመለሱትን ይስሐቅንና ባልንጀሮቹንም በስም ይጠራል። የዛሬ ተመራማሪዎች ይህን ቃል ይጠራጠሩታል። ሊመረምሩት የቻሉት ግን የቀደሙት ጸሐፊዎች ምንጫችን ይህ ነው ብለው ስለ ጻፉ ነው።

የውጭው ደንብ በጭፍን ሲሠራበት የሚያስከትለው ስሕተትም አለ። የቤተሰብ ስም ይቅደም ሲባል፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው ዘመን ስለ ነበሩት ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት ያሳተሙት ታደሰ ታምራት «ታምራት» ተብለው ይመዘገባሉ፤ የልጅ ሥራ ለአባት ይሰጣል። የዘመን አቆጣጠሩን አለመለየትም እንዲሁ ያሳስታል። አብያተ ክርስቲያናቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በ1970 ዓ.ም. ነው። «1978» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ አንባቢ ምዝገባው ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የሆነ ይመስለዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የቃል ምንጭ ነው። «የአካባቢው አባቶች እንደሚሉት» የሚል ሐረግ ማንንም አይጠቅስም። ፈቃዳቸውን የሰጡ ካህንና ሽማግሌ ስማቸው፣ አገልግሎታቸው፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን ሊጻፍ ይገባል፤ የሚናገሩት ያዩትን ይሁን የወረሱትን ትውፊትም መለየት አለበት። ፈረንጅ ጸሐፊ በስሙና በገጹ ተጠቅሶ የላስታው ሊቅ «አንድ አባት» ተብለው ሲታለፉ ሚዛኑ ያጋድላል።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች የምንጭ አጠቃቀስን ከጽሑፉ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። አማካሪው ምዕራፎቹን ከመቀበሉ በፊት ተማሪው ከጠቀሳቸው ምንጮች ጥቂቱን መርጦ ገጹን እንዲያሳይ፣ ጸሐፊው ያንን ነገር አይቶት፣ ሰምቶት ወይስ ከሌላ ገልብጦት እንደ ሆነ እንዲያስረዳ ቢጠይቀው ሥራው ረዥም ጊዜ አይወስድም። በዚህ ጥያቄ ያለፈ ተማሪ ነጥቡንና ሰረዙን በኋላ ያስተካክላል። በዚህ ሳያልፍ የተመረቀ ግን ስሕተቱን ከነዋቢው ለሚቀጥለው ተማሪ ያስተላልፋል።