ቀለሙን ተዉትና ታንኩን አሳዩን

በሞያሌም ይሁን በናይሮቢ፣ በጅቡቲም ይሁን በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ለሽያጭ ሲቀርብ አዲስ ቀለም አይቀርም። ገዢው ዙሪያውን ዞር ዞር ብሎ «ይሄማ አዲስ ነው» ይላል፣ ደላላው «ከውጭ በቀጥታ የገባ ነው» ይላል፣ ሂሳቡ ይዘጋል። እኛ ደግሞ የምንለው ይህ ነው፤ ባገለገለ የአየር ታንክ ላይ ቀለም የሚያስቀባ ነጋዴ ማስረጃ እየደበቀ ነው። ዝገቱን፣ የብየዳ ጥጋጉን፣ አንዳንዴም የፋብሪካውን ሰሌዳ ጭምር ይሸፍናል። በዚህ ጉዳይ ተከባብረን ዝም የምንባባልበት ጊዜ ይብቃ።

ነገሩ የዕቃ ጥራት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተሟገትን ነበር። ያረጀ ወፍጮ ቢበላሽ ዱቄት ይቀራል፤ ያረጀ ፍሪጅ ቢበላሽ ወተት ይበላሻል። የአየር ታንክ እንደዚህ አይደለም። 200 ሊትር የሚይዝ ታንክ በ8 ባር ሲሞላ ውስጡ የሚታመቀው ኃይል ወደ 50 ግራም ቲኤንቲ ይጠጋል። አንድ የእጅ ቦምብ ውስጥ ካለው ፈንጂ ጋር የሚቀራረብ ማለት ነው። ይህን ዕቃ የሚገዛው ሰው ደግሞ ወስዶ ፋብሪካ ውስጥ አያቆመውም። ግቢው ውስጥ፣ ከማድቤቱ ግድግዳ ጎን፣ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ቦታ ላይ ነው የሚያቆመው። ቀን ጎማ ይነፋበታል፣ ማታ የቁም ሳጥን ቀለም ይረጭበታል፣ በዚያች ገቢ የቤት ኪራይ ይከፍላል።

ታንክ የሚያልቀው ከውስጥ ነው፤ ቀለሙ አታላይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆንና ታንኩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። በየቀኑ ካልተለቀቀ እዚያው ይተኛል፤ ብረቱን ከሥር ይበላዋል። ላዩ የሚያብረቀርቅ ታንክ ሥሩ እንደ ብስኩት ሳስቶ ሊሆን ይችላል። በተለይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ለዓመታት የሠራ ከሆነ፣ ታፖውን ፈትቶ ሳያዩ መግዛት ዓይንን ጨፍኖ መንገድ እንደመሻገር ነው።

የሚመጣብንን መልስ እናውቀዋለን። «ገዢው የሚፈልገው ርካሽ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» ይባላል። እውነት ነው፣ ርካሽ ይፈልጋል። ነገር ግን ርካሽ መፈለግ ቦምብ መፈለግ አይደለም። ገዢው ስለማያውቅ ነው ያልጠየቀው፤ ሻጩ ግን አውቆ ነው የቀባው። ሌላው መልስ «ሲሠራ በዓይኑ አይቷል» የሚል ነው። ታንክ እስከሚፈነዳባት ቀን ድረስ ሲሠራ ይታያል፤ ይህ ምን ዓይነት ዋስትና ነው? ሦስተኛው ደግሞ ከሌላ ወገን የሚመጣ ነው፤ «ያገለገለ ነገር ከነጭራሹ አትግዙ፣ አዲስ ግዙ» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ኪሳቸው ሞልቶ ነው፤ እኛ አንስማማም። የድሮ የጣሊያን ፓምፕ፣ እነ ፊያክና አባክ፣ ጭንቅላታቸው ከባድ ብረት የሆነው፣ ፋሻና ቫልቭ ተለውጦላቸው ገና ዓመታት ይሠራሉ። ከሱቅ የሚወጣ ቀላል፣ ዘይት አልባ፣ ጆሮ የሚበጥስ አዲስ ዕቃ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ጎሚስታ የሚሆን አይደለም። ያገለገለ ፓምፕ እንገዛለን፣ እንሸጣለንም። የምንጣላው ካልታየ ታንክ ጋር ነው። ፓምፑ ጥሩ ሆኖ ታንኩ ካለቀ፣ ፓምፑን ብቻ ገዝቶ ሌላ ጤነኛ ታንክ ላይ ማሰር ይቻላል፤ ፉንዲዎቹ በግማሽ ቀን የሚጨርሱት ሥራ ነው።

ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች፣ ስትሄዱ ሻጩ ማሽኑን አሙቆና ሞልቶ እንዳይጠብቃችሁ ንገሩት። ቀዝቃዛና ባዶ ሆኖ ያሳያችሁ። ሰሌዳው ላይ የሚፈቀደው ግፊትና የተሠራበት ዓመት ተጽፎ ካልታየ፣ ወይም ሰሌዳው ተነቅሎ የሪቬቱ ቀዳዳ ብቻ ከቀረ፣ ንግግሩ እዚያው ያብቃ። አየሩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አረጋግጡና ከሥር ያለውን ታፖ አስፈቱ። ጥቂት ቡናማ ውሃ ቢወጣ አትደንግጡ። የዝገት ቅርፊት አብሮ ከወረደ ግን ተዉት። በቀዳዳው የስልክ መብራት አስገብታችሁ እዩ፤ ሥሩን በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ አድርጉ፤ የሚጮኸውና የሚታፈነው ድምፅ ይለያያል። ታንኩ አካል ላይ የተለጠፈ ብየዳ ካገኛችሁ «በጥሩ በያጅ የተሠራ ነው» የሚለውን አትስሙ። ከጋዝ ሲሊንደርና ከፍሪጅ ሞተር የተቀጣጠለውንም እንደዚሁ እለፉት።

ዋናው ፈተና የውሃ ነው። ታንኩ አየር ሳይቀርበት ጢም ብሎ ውሃ ይሞላና የቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት የእጅ መሞከሪያ ፓምፕ ግፊት ይሰጠዋል። በ8 ባር ለሚሠራ ታንክ 12 ባር ድረስ፣ ማለትም አንድ ተኩል እጥፍ፣ እሱም ሰሌዳው የሚፈቅደውን ልክ አይቶ ነው። ግማሽ ሰዓት ጌጁ ሳይወርድ፣ ብረቱ ሳያብጥ፣ ላብ ሳያልበው ከቆየ ደህና ነው። ውሃ አይታመቅምና ታንኩ ቢቀደድ ፊጭ ብሎ ያቆማል፤ አየር ቢሆን ጣራ ይዞ ይሄዳል። ይህን ፈተና በአየር የሚሞክር ሰው ካያችሁ ከአካባቢው ራቁ።

ቀጥሎ ሰዓት ያዙ። ባዶው ታንክ እስኪሞላ ስንት ደቂቃ ፈጀ? 200 ሊትር ታንክን በ8 ባር ለመሙላት ባሕር ጠለል ላይ 1,600 ሊትር አየር ያስፈልጋል። በደቂቃ 250 ሊትር በእርግጥ የሚያወጣ ፓምፕ ስድስት ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። እዚህ ላይ የጅቡቲና የሞምባሳ ሻጮች ልብ ይበሉ፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፣ ያው ፓምፕ ያንኑ ታንክ ለመሙላት ወደ ስምንት ደቂቃ ይወስድበታል። ሞተሩም በቀጭን አየር በደንብ አይበርድም። «ጅቡቲ ላይ ሞክረነው ነበር» ማለት ብቻውን ለደጋ ገዢ መልስ አይሆንም። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፓምፑ የሚውጠው ነው፤ የሚተፋው ከዚያ ያነሰ ነው።

የመብራቱ ነገርም ያው ነው። ከአሜሪካ በኮንቴነር የገባ 110 ቮልት ሞተር እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ጭስ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚያልፈው የ60 ኸርዝ ጉዳይ ነው። ሳዑዲ አረቢያም አሜሪካም 60 ኸርዝ ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ጅቡቲና ኤምሬትስ ደግሞ 50። የ60 ሞተር 50 ላይ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ይግላልም። ከሪያድ የተላከ ዕቃ ሰሌዳ ይነበብ። ስሪ ፌዝ ሞተር ገዝተው ቤታቸው ሲንግል ፌዝ ብቻ መሆኑን ከጭነት በኋላ የሚያስታውሱም አሉ፤ በዚህስ ሻጩን አንወቅስም።

ቤት ሲደርስ መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ ከሥሩ ጎማ ይግባበት፣ ቺንጋው መከለያ ይኑረው። ከግድግዳ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ይቁም፤ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ጋር ግን ግድግዳ አይጋራ። 2.2 ኪሎዋት ሞተር በሲንግል ፌዝ 14 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሲነሳ ብዙ እጥፍ። ስለዚህ የራሱ ብሬከርና ወፍራም ሽቦ ይሰጠው። ሥራው ራቅ ካለ የአየሩን ጎማ አስረዝሙ፤ ቀጭን የኤሌክትሪክ ገመድ ማስረዘም ሞተር ያቃጥላል። ለአየር መስመር የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ የሚዘረጉ አሉ፤ ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ነው የሚበተነው፣ አታድርጉት። ማታ ማታ ውሃው ይለቀቅ። ሴፍቲ ቫልቩ ካፈሰሰ ይለወጥ፤ በቡሎን የሚደፍን ሰው ካለ ከግቢያችሁ አስወጡት።

የኬንያ የ2007 እ.ኤ.አ. የሥራ ደህንነትና ጤና ሕግ የሥራ ቦታ የአየር ታንክ በተፈቀደለት ሰው በየጊዜው እንዲመረመር ያዛል። በጁዋ ካሊ ሜዳ ግን መርማሪ ሲዞር አይታይም፤ በግቢ ውስጥማ ማን ሊገባ። ድንበር ላይም ፈታሹ የሚያየው ወረቀትና ቀረጥ ነው፤ የታንክ ሆድ አያይም። የቀረው ዓይን የእኛ የነጋዴዎቹ ነው።

ስለዚህ ከሙያ ጓደኞቻችን የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ታንኩን ሳትቀቡ፣ ከነዝገቱ አቅርቡ። በውሃ የተፈተነበትን ቀንና ግፊት በወረቀት ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ለገዢው ስጡ። የፈተናውን ወጪ ዋጋው ላይ ጨምሩት፤ ገዢ ምክንያቱ ከተነገረው ይከፍላል። እኛ ከዚህ ወር ጀምሮ ያልተፈተነና አዲስ የተቀባ ታንክ በጭነታችን አናስገባም፤ የሚያመጣልን ደላላ ካለም የመመለሻውን ትራንስፖርት እሱ ይችላል። ሞያሌ ላይ የእጅ መሞከሪያ ፓምፕ አለን። ዕቃችሁን ባዶ አድርጋችሁ አምጡ፣ ውሃውን እኛ እንሞላለን።