ሦስት መቶው ይበቃል

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ፣ ከፍሎሪዳ ድንበር አጠገብ፣ ከምበርላንድ የምትባል ደሴት አለች። ርዝመቷ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድልድይ የላትም፣ ሱቅ የላትም፣ የቆሻሻ መጣያ እንኳ የላትም። በጀልባ የሚገባው ጎብኚ በቀን ከ300 ሰው እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የፓርኩ አስተዳደር ይህን ቁጥር ወደ 700 ከፍ የሚያደርግ ረቂቅ ዕቅድ አቅርቦ ብዙ ሰው አነጋገረ። እኔ ከተቃወሙት ወገን ነኝ።

አትላንታ ያለው የኛ ሰው ሽርሽር ሲወጣ ከሰሉን፣ ሥጋውን፣ ስፒከሩንና ዘመድ አዝማዱን ጭኖ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ወደ ከምበርላንድ ብቻዬን ልሄድ መሆኑን የሰሙ አንዲት እናት ጎረቤቴ ግን «ምነው ልጄ፣ ከሰው ተጣላህ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ በደህና ነው፣ እማማ» ብላቸውም አላመኑኝም። ዳቦ ቆሎ ቋጥረው ሰጡኝ።

ጀልባው ጠዋት በ3 ሰዓት ከሴንት ሜሪስ ከተማ ይነሳል፤ ጉዞው 45 ደቂቃ ያህል ነው። የፓርኩ ጠባቂ ተሳፋሪውን ሰብስቦ ደንቡን ይናገራል፦ ወደ ፈረሶቹ አትጠጉ፣ ያመጣችሁትን ቆሻሻ ይዛችሁ ውጡ፣ ሰዓት አክብሩ። የመመለሻው ጀልባ ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ያመለጠው ሰው በራሱ ወጪ የግል ጀልባ ይከራያል። ከዚያ አብዛኛው ሰው የባለጸጎቹ የካርኔጊ ቤተሰብ የነበረውንና በ1959 የተቃጠለውን የደንጀነስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ለማየት ወደ ደቡብ ይሄዳል። እኔ ወደ ሰሜን ታጠፍሁ።

የእግር መንገዱ በትልልቅ የኦክ ዛፎች ሥር ያልፋል። ቅርንጫፎቻቸው እስከ መሬት ይወርዳሉ፤ ግራጫ ሪዝ የመሰለ ተክል ተንጠልጥሎባቸዋል። ከሥራቸው አጫጭር ዘንባባ መሬቱን ሸፍኖታል። ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚያዋራው ስለሌለ ጆሮው ሥራ ይጀምራል። በደረቁ የዘንባባ ቅጠል ውስጥ አንዳች ትልቅ አውሬ የመጣብኝ መስሎኝ ቀጥ ብዬ ቆምሁ፤ የወጣው ከድመት የማይበልጥ አርማዲሎ የሚባል እንስሳ ነበር። እኔን ከቁብም ሳይቆጥር አፈሩን እየጫረ አለፈ። ከእርሱ ይልቅ የሚያሰጋው መዥገርና እባብ ነው። የስልክ መስመርም አይታመንም፤ ስለዚህ የምሄድበትን መንገድና የምመለስበትን ሰዓት ለወዳጄ ነግሬ ነው የወጣሁት።

ስታፎርድ የሚባለው ቦታ ከታለፈ በኋላ በ1982 በሕግ የተከለለው ዱር ይጀምራል፤ ወደ 4,000 ሄክታር ይጠጋል። በዚያ የእግር መንገድ ብስክሌት እንኳ አይገባም። ይሁንና ጫካው ከጥንት ጀምሮ ሰው ያልነካው አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሮበርት ስታፎርድ የተባለ ባለርስት በባሪያ ጉልበት ጥጥ ያስመርት ነበር። ባሪያዎቹ ይኖሩባቸው ከነበሩት ጎጆዎች የቀሩት የጭስ ማውጫዎቹ ናቸው። በ1815 የእንግሊዝ ጦር ደሴቲቱን በያዘ ጊዜ ከአካባቢው ብዙ ባሪያዎች ወደ መርከቦቹ ሸሽተው ነፃ ወጥተዋል። በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ ከባርነት የወጡት ሰዎች በ1893 ያቋቋሙት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለ። በእግር ሄዶ በዚያው ቀን ለመመለስ ይርቃልና እርሱን ሳላይ ቀረሁ።

ያ የጥጥ ማሳ መልሶ ደን የሆነው ሰው እጁን ስላነሳ ነው። እጅ ማንሳት ደግሞ በራሱ አይመጣም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሂልተን ሄድን የመዝናኛ ደሴት ያደረገው ቻርልስ ፍሬዘር ከካርኔጊ ወራሾች መሬት ገዝቶ እዚህም ሊገነባ ተነሥቶ ነበር። ተቃውሞው ስለበረታበት መሬቱን ለብሔራዊ ፓርኮች ፋውንዴሽን ሸጠ፤ በ1972 ኮንግረስ ደሴቲቱን ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ አደረጋት። ግን በ2004 በአንድ ትልቅ የበጀት ሕግ ውስጥ በገባ አንቀጽ ዋናው የአፈር መንገድ ከዱሩ ክልል እንዲወጣ ተደረገ፤ አሁን ጎብኚ የጫነ ቫን ይመላለስበታል። አንድ ትውልድ የከለለውን ሌላው በአንዲት አንቀጽ ሊከፍተው ይችላል።

ስመለስ በባሕሩ ዳር ነው የመጣሁት። ማዕበሉ ሲሸሽ አሸዋው ጠንካራ ስለሚሆን ለእግር ይመቻል። ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ከአሸዋው ክምር በላይ ሣር ይግጣሉ። ሲታዩ ደስ ይላሉ፤ ረግረጉን እየረገጡ መጉዳታቸው ግን ሌላ ክርክር ነው። በበጋ ሎገርሄድ የሚባሉት የባሕር ኤሊዎች ሌሊት ወጥተው በዚሁ አሸዋ እንቁላል ይጥላሉ፤ ብርሃንና ግርግር ያውካቸዋል። ለረጅም ሰዓት የሰው ዱካ እንኳ አላየሁም። 700 ሰው በሚገባበት ቀን ይህ መገኘቱን እጠራጠራለሁ።

ተከራካሪዎቼ «ፓርኩ የሕዝብ ነው፤ ሕዝብን በቁጥር መገደብ ለጥቂት ዕድለኞች መስጠት ነው» ይላሉ። ቀላል ነገር አይደለም። ቦታው ቀድሞ ይያዛል፤ ጀልባውም ነፃ አይደለም፤ ከአትላንታ ለሚነሳ ሰው የነዳጅና የማደሪያ ወጪ አለ። ለዚህ መፍትሔው ግን ከ300ው ወንበር የተወሰነውን ለተማሪዎችና አቅም ለሌላቸው በርካሽ መስጠት ነው። ብዙ ሰው ስለገባ ብቻ ሁሉም ያንኑ ዱር አያገኝም። እኛም ብንሆን የጣና ገዳማት ደን እንዴት እንደተረፈ እናውቃለን፦ ዛፉ እንዳይቆረጥ የተገዘተበት ስፍራ ስለሆነ ነው። ጆርጂያ ላይ የግዝቱን ሥራ የሚሠራው ያ 300 የሚል ቁጥር ነው፤ ባይነካ ይሻላል።

መሄድ የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ቦታ ያዙ፤ አንድ ጊዜም ብቻችሁን ሞክሩት። ውሃና ምሳችሁን ከቤት ያዙ፤ እዚያ የሚሸጥ ነገር የለም።