የእጅ ሥራ፦ የባቡር ጣቢያ በአንድ ሳንቃ ላይ

ዛሬ ስለ ሞዴል እንነጋገር። ሞዴል ማለት የአንድ ትልቅ ነገር ትንሽ አምሳያ ነው። የምንሠራው የባቡር ጣቢያ ነው። ሐዲዱ፣ ቤቱ፣ ፉርጎው፣ ዛፉ፣ ሰዉ፣ ሁሉም በአንድ ሳንቃ ላይ ይሆናል።

«ታዲያ ይሄ የልጅ ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። በውጭ አገር ትልልቅ ሰዎች ብዙ ዘመናቸውን የሚሰጡት ሥራ ነው። በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ እጅግ ትልቅ የባቡር ሞዴል አለ። ከብዙ አገር ሰው እየሄደ ያየዋል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለን። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰው የአሮጌው ሐዲድ ሥራ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ተመረቀ። አሮጌው መስመር አሁን በአብዛኛው ጸጥ ብሏል። በዚያ መስመር ትኬት የቆረጡ፣ ሐዲድ የጠገኑ፣ በየጣቢያው የነገዱ ሰዎች ግን አሁንም አሉ። የልጅ ልጆቻቸው ያንን ባቡር አላዩትም። ሞዴሉ በትምህርት ቤት ወይም በንባብ ክፍል ቢቀመጥ ልጆቹ ያዩታል፤ አያቶቹም እያሳዩ ይነግሯቸዋል።

እንግዲህ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እንወስን። አንዱ ልኩ ነው። ሁለተኛው ዓመቱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ልኩ። ሁሉም ነገር እኩል ጊዜ ማነስ አለበት። ይህም ምጣኔ ይባላል። ለእኛ የሚመቸው ምጣኔ 1 ለ50 ነው። ይህም ማለት እውነተኛው ነገር ከሞዴሉ 50 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። የአሮጌው መስመር ሁለት ሐዲዶች ርቀት 1 ሜትር ነበር። 1 ሜትር 100 ሳንቲ ሜትር ነው። 100 ለ50 ሲካፈል 2 ይሆናል። ስለዚህ የእኛ ሐዲዶች በ2 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ 1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። የ2 ሜትር በር 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 3 ነጥብ 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

መስመሩን በሙሉ እንሥራ ብንልስ? 784 ኪሎ ሜትር ለ50 ሲካፈል ከ15 ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ቀበሌ ለቀበሌ ሊሄድ ነው! ስለዚህ አንድ ትንሽ ጣቢያ ብቻ ምረጡ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳንቃ ይበቃል። ይህ የ100 ሜትር በ30 ሜትር ቦታ ያሳያል። ሳንቃው በክፍሉ በር የሚገባ መሆኑን አስቀድማችሁ ለኩ። ሠርቶ ጨርሶ በር ማፍረስ ደግ አይደለም።

ቀጥሎ ዓመቱ። በ1920 ዓ.ም. ባቡሩ በእንፋሎት ነበር የሚሄደው። እንፋሎት ውሃ ይፈልጋል። ውሃ የሚቀዳበት ጣቢያ ከሠራችሁ ትልቅ የውሃ ጋን ከፍ ብሎ ይታይ። የናፍጣ ባቡር የመጣው በ1940ዎቹ ነው። በ1920ው ጣቢያ የናፍጣ ባቡር ብታቆሙ ዱሮ እዚያ የሠራ ሽማግሌ ይስቅባችኋል። ደግሞም ሐዲዱን ተመልከቱ። ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ጎኑ የዛገ ነው፤ መንኮራኩር የሚነካው አናቱ ግን ያብለጨልጫል። ባቡር ከቀረ በኋላ አናቱም ይዝጋል፤ ሣርም ይበቅልበታል። እንግዲህ የሐዲዱ ቀለም እንኳ ዓመት ይናገራል።

ዓመቱን ከወሰናችሁ በኋላ ወደሚያውቁት ሰዎች ሂዱ። «ጣቢያው እንዴት ነበር?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። እንዲህ ከተጠየቀ ሰው «ጥሩ ነበር» ይላችኋል። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው ወይስ ወደ መግቢያ? ደረጃው ስንት ነው? ሻጮቹ የት ይቀመጡ ነበር? ዛፉ ከየት በኩል ነው? እንዲህ እያላችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በደብተር ጻፉ። ሁለት ሰዎች ቢለያዩ ሁለቱንም ጻፉ፤ ሦስተኛ ሰው ይገኛል። አሮጌው ቤት ቆሞ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በሜትር ለኩ። አዲሱ መስመር ላይ ግን ለመለካት አትግቡ። ከላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ነው። ይገድላል።

አሁን ወደ ሐዲዱ። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ በፒንሳ አቃኑ። በሐዲዱ ሥር ለሚጋደመው ተጋዳሚ ቀርከሃ ሰንጥቁ። እያንዳንዱን 4 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ከአንዱ ተጋዳሚ መሐል እስከ ሌላው መሐል 1 ሳንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለ2 ሜትር ሳንቃ ወደ 150 ተጋዳሚ ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፤ ሰብሰብ ብሎ እያወጉ መቁረጥ ይሻላል። በአሮጌው መስመር የነበረው የብረት ተጋዳሚ ስለሆነ ቀርከሃውን የዝገት ቀለም ቀቡት። ቀይ አፈር በወንፊት ነፍታችሁ ከትንሽ ጥላሸትና ከኮላ ጋር ብትለውሱ የዝገት ቀለም ይወጣል። የሐዲዱንም ጎን በዚሁ ቀቡ።

ሐዲዱን ስትለጥፉ በዓይን ግምት አትሥሩ። ወርዷ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ እንጨት ጥረቡ። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል እየገፋችኋት ሂዱ። የምትጠብበት ወይም የምትላወስበት ቦታ ካለ ኮላው ሳይደርቅ አስተካክሉ። በኋላ ፉርጎው የሚወድቀው እዚያች ቦታ ላይ ነው።

በተጋዳሚዎቹ መካከል የሚፈሰው ጠጠር ደግሞ ደቃቅ አሸዋ ይሆናል። አሸዋውን ደረቁን አፍስሱና በላባ አስተካክሉ። ከዚያ ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥኑ። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። ሳሙና ከሌለው ውሃው ላዩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ይቀራል፤ ሳሙና ካለው ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በጠብታ በጠብታ አጠጡት። እስከ ማግስቱ አትንኩት።

ለፉርጎው መንኮራኩር ብዙ ሰው ቆርኪ ይጠቀማል። ቆርኪ ግን ወርዱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። በእኛ ምጣኔ ከሜትር ተኩል በላይ የሆነ መንኮራኩር ማለት ነው። ፉርጎው ጋሪ መሰለ! የልብስ ቁልፍ ይሻላል። ትንሽ ቁልፍና ከሱ ጥቂት የሚበልጥ ቁልፍ አጣብቁ። ትንሹ በሐዲዱ ላይ ይሄዳል። ትልቁ ከውስጥ በኩል ሆኖ ባቡሩ እንዳይወጣ ይይዛል። የእውነተኛውም ባቡር መንኮራኩር እንዲሁ ከውስጥ በኩል ከንፈር አለው።

የጣቢያውን ቤት በካርቶን ሥሩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ካርቶን ልጣችሁ ውስጡ ያለውን ሞገድ አትጠቀሙ። ሞገዱ በጣም ሰፊ ነው። በሲጋራ ባኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ሚዶ ላይ አድርጋችሁ በጥፍር ጫን ጫን አድርጉት። ልክ ቆርቆሮ ይመስላል። ከዚያ በትንሽ ዝገት አጎሳቁሉት።

ኮረብታ ካለ በጭቃ አትሥሩት፤ ሳንቃው ይከብዳል፣ ጭቃውም ይሰነጠቃል። የተጨማደደ ወረቀት ከምራችሁ በላዩ ላይ በኮላ የራሰ ወረቀት ደራርቡ። የዱቄት ሙጫ ቢሆንስ? ይይዛል፤ ግን አይጥ ይወደዋል።

በቆላው ያሉ ጣቢያዎች ግራር አላቸው። ግራር አናቱ ጠፍጣፋ ነው። የደረቀ የእንስላል አበባ ገልብጣችሁ ሳይሆን እንደቆመ ተመልከቱት፤ ጃንጥላ የመሰለ ራሱ ቁርጥ ግራር ነው። ቁመቱን 12 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ይህ የ6 ሜትር ዛፍ ነው። ራሱን ኮላ ነክራችሁ የደረቀና የደቀቀ ቅጠል ነስንሱበት።

ሰዎቹን በቀጭን ሽቦ ላይ በሸክላ ጭቃ ሥሩ። ሰም በሙቀት ይቀልጣል። ብዙ ሰው አታብዙ፤ እንደ ወታደር በሰልፍም አታቁሟቸው። ሰው ባቡር ሲጠብቅ እንዴት ነው? ሁለቱ ያወራሉ፤ አንዷ ጓዟ ላይ ተቀምጣለች፤ አንዱ አንገቱን አስግጎ ሐዲዱን ያያል። አህያዋ 2 ሳንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ትሁን። ከሰውየው እንዳትበልጥ ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ ትበልጣለች።

በመጨረሻ የጣቢያው ስም ይጻፍ። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፊደል በእኛ ምጣኔ 6 ሚሊ ሜትር ነው። በቀጭን እስክሪብቶ በወረቀት ላይ ጻፉና ቆርጣችሁ ለጥፉ። አንዱ ፊደል ከሌላው እንዳይረዝም ከላይና ከታች በእርሳስ ማስመሪያ አስምሩ። ሁሉም ሲደርቅ ንጹሕ ጨርቅ አልብሱት። ዶሮም ወደዚያ ክፍል አታስገቡ።