የሯጩ ደመወዝ ለምን ይዘገያል?

ኒውዮርክ ጃያንትስ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2023 በሁለት ተጫዋቾቹ ላይ ወሰነ። ለኳርተርባኩ ለዳንኤል ጆንስ አራት ዓመት የሚዘልቅ የ160 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ። ረኒንግ ባኩን ሳኳን ባርክሊን ደግሞ «ፍራንቻይዝ ታግ» በሚባለው ደንብ ለአንድ ዓመት በ10.1 ሚሊዮን ዶላር አሰረው። በ2022 የውድድር ዘመን 1,312 ያርድ ሮጦ ቡድኑን ተሸክሞ የወጣው ግን ይኸው የታሰረው ሰው ነበር።

እኔ ፊላደልፊያ ውስጥ የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የፉትቦልን ሕግ ያስተማረኝ ልጄ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ነው፣ በትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ረኒንግ ባክ ይጫወታል። እሱ ሩጫውን ያያል፤ የእኔ ዓይን ደግሞ ሙያዬ ሆኖ ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈል ይፈልጋል። በምሠራበት ቢሮ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ የሠራው ትርፍ ሰዓት በሁለት ሳምንቱ ቼክ ላይ ካልወጣ ስልኬ አያርፍም፤ ደዋዩም እውነት አለው። ለዚህ ነው የረኒንግ ባኮች ውል ፍትሕ የጎደለው ነው የምለው። ጉድለቱም ከገንዘቡ መጠን ይልቅ በመክፈያው ጊዜ ላይ ነው።

ጨዋታውን ለማያዘወትር አንባቢ ጥቂት ልበል። ኳርተርባክ ኳሷን የሚወረውርና የሚያቀብል የሜዳ አዛዥ ነው። ረኒንግ ባክ ኳሷን ከእሱ እጅ ተቀብሎ ሰው ወደተደረደረበት ይገባል፤ ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ተከላካዮች እየተወረወሩ ይጥሉታል። ባርክሊ በ2024 በመደበኛው ውድድር ብቻ 345 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጧል፤ አብዛኛው ሩጫ የሚያበቃው መሬት ላይ በመውደቅ ነው። ኳርተርባክን ሕጉም ዳኛውም ይጠብቁታል፤ ቶም ብሬዲ እስከ 45 ዓመቱ ተጫውቷል። ረኒንግ ባክ ግን 30 ዓመት ሲሞላው እንደ አሮጌ ይቆጠራል።

አሁን የውሉን አቆጣጠር እንመልከት። አንድ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ኤንኤፍኤል ወደሚባለው ዋናው የፉትቦል ሊግ መግባት አይችልም። ባርክሊ እነዚያን ዓመታት በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሳለፈ፤ በሦስት የውድድር ዘመን 3,843 ያርድ ሮጠ፣ ደመወዝ ግን አልነበረውም። በ2018 ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ድራፍት ጃያንትስ በሁለተኛ ተራ መረጠው፤ የሚጫወትበትን ቡድን መምረጥ የእሱ ፋንታ አልነበረም። የመጀመሪያው ውል አራት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዙር ለተመረጠ ተጫዋች ቡድኑ ከፈለገ አምስተኛ ዓመት ይጨምራል፤ ለባርክሊ ጨመረ። ስድስተኛው ዓመት ያ የማርች 2023 የፍራንቻይዝ ታግ ውሳኔ ነው። ሲደመር ስድስት ዓመት በአንድ ወገን ውሳኔ አለፈ። ባርክሊ በነፃነት ተደራድሮ የመፈረም መብት ሲያገኝ 27 ዓመቱ ነበር፤ በዚህ ሥራ የማምሻው ዕድሜ ነው።

እነዚያ ስድስት ዓመታት ምን ይመስሉ ነበር? በመጀመሪያው ዓመት 1,307 ያርድ ሮጠ፣ 91 ኳስ ተቀበለ፣ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ። በሁለተኛው ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። በ2020 ገና በሁለተኛው ጨዋታ ቺካጎ ላይ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ2021 ተመልሶ 593 ያርድ ብቻ ሲያስመዘግብ አበቃለት ያሉት ብዙዎች ናቸው። በ2022 ተነሳ፣ በ2023 እንደገና ወረደ። ጃያንትስም ረጅም ውል ሳይሰጠው ለቀቀው።

በማርች 2024 እዚሁ ከተማችን ላለው ለፊላደልፊያ ኢግልስ በሦስት ዓመት 37.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የከተማው ሕፃን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። በመደበኛው ውድድር 2,005 ያርድ ሮጦ በታሪክ 2,000ን ያለፈ ዘጠነኛ ሰው ሆነ። ኤሪክ ዲከርሰን በ1984 ያስመዘገበው የ2,105 ያርድ ክብረ ወሰን ላይ ለመድረስ 100 ያርድ ሲቀረው፣ ለፍጻሜው ዙር እንዲያርፍ በመጨረሻው ጨዋታ ተቀመጠ፤ ተጋጣሚው ደግሞ ጃያንትስ ነበር። በጃንዋሪ 2025 በረዶ እየወረደ በሎስ አንጀለስ ራምስ ላይ 205 ያርድ ሲሮጥ ልጄ የበረዶ ጫማውን እንዳደረገ ሶፋዬ ላይ ወጥቶ «እማዬ፣ አየሽው?» እያለ ይጮህ ነበር። ፌብሩዋሪ 9 ቀን፣ 28 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ኢግልስ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 40 ለ 22 አሸንፎ የሊጉን የመጨረሻ የዋንጫ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። የፍጻሜው ዙር ሲጨመር ዓመቱን በ2,504 ያርድ ዘጋ፤ የቴሬል ዴቪስን የ1998 ክብረ ወሰን አለፈ። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰለት ዳንኤል ጆንስ በበኩሉ በኖቬምበር 2024 ከጃያንትስ ተሰናብቶ ነበር።

ባርክሊ ያው ሰው ነው፣ እግሩም ያው ነው። የተለወጠው ከፊቱ ሆነው መንገድ የሚከፍቱለት አምስቱ ሰዎች ናቸው። ኢግልስ እንደ ጆርዳን ማይላታና ሌን ጆንሰን ያሉ ግዙፎች ነበሩት፤ ጃያንትስ ለዓመታት የደከመ መስመር ይዞ ኖሯል። በ2025 ባርክሊ ወደ 2,000 ያርድ አልተጠጋም፤ ያኔም ከፊቱ ያሉት ሰዎች ጉዳት አልተለያቸውም። የረኒንግ ባክ መውጣትና መውረድ ግማሹ በሌሎች ትከሻ ላይ ያለ ነገር ነው። ጉዳቱን ግን ብቻውን ይሸከመዋል።

ቡድኖቹ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ባዶ አይደለም። የምንከፍለው ለሚመጣው ሩጫ እንጂ ላለፈው አይደለም ይላሉ። ምሳሌያቸው ቶድ ገርሊ ነው። ራምስ በጁላይ 2018 የአራት ዓመት የ57.5 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ ሰጠው፤ ጉልበቱ እምቢ አለውና በማርች 2020 አሰናበቱት፣ የመጨረሻ ጨዋታውን ሲጫወት 26 ዓመቱ ነበር። በሌላ በኩል አይዛያ ፓቼኮን ያነሳሉ። በ2022 በሰባተኛው ዙር ተመርጦ፣ በዚያው ዓመት ውድድር ማብቂያ በሱፐር ቦውል ታችዳውን አስቆጥሮ ከቺፍስ ጋር ዋንጫ አነሳ፤ የአራት ዓመት ውሉ ግን አራት ሚሊዮን ዶላር አይሞላም ነበር። እንዲህ ያለ ርካሽ ወጣት ከተገኘ ለምን ውድ እንገዛለን ይላሉ።

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ክርክር እቀበለዋለሁ። ችግሩ ግን ራሱ ክርክሩ የሚያጋልጠው ነው። ለመጪው ብቻ የሚከፈል ከሆነ፣ የሰውየው ምርጥ ዓመታት መጪ በነበሩበት ጊዜ የመደራደር መብቱን ለምን ነጠቃችሁት? በ21 ዓመቱ ወጣት ነህና ጠብቅ ይባላል፣ በ27 ዓመቱ አርጅተሃልና አይሆንም ይባላል። መሀል ላይ ያለው ሩጫ ዋጋው የት ገባ? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ሚሊዮን ዶላር ለሚያገኝ ሰው ምን አሳዘነሽ የሚለኝ ይኖራል። ባርክሊ በሁለተኛ ተራ ስለተመረጠ የመጀመሪያ ውሉ 31 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል፤ በማርች 2025ም ኢግልስ በሁለት ዓመት 41.2 ሚሊዮን ጨምሮለት በዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ የሚያገኝ የመጀመሪያው ረኒንግ ባክ ሆኗል። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የአንዱ መዳን የሌሎቹን ውል አያስተካክልም። በጁላይ 2023 ረኒንግ ባኮቹ በቪዲዮ ስብሰባ ተቀምጠው መላ ሲፈልጉ፣ የክሊቭላንዱ ኒክ ቸብ በእጃችን ያለ ነገር የለም ብሎ ወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን፣ ፒትስበርግ ላይ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ለቀጣዩ ዓመት የፈረመው ደመወዙ ተቀንሶ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የረኒንግ ባክ የመጀመሪያ ውል ከአራት ዓመት ወደ ሁለት ወይም ሦስት ይውረድ። አምስት ዓመት የተጫወተ ረኒንግ ባክ በፍራንቻይዝ ታግ አይታሰር። የቡድኖች ጠቅላላ የደመወዝ ጣሪያ ስለማይነካ ባለቤቶቹ አንድ ሳንቲም አይጨምሩም፤ ገንዘቡ ከሌሎች ተጫዋቾች ድርሻ ይመጣል። እስከ 40 ዓመታቸው የሚጫወቱት ትንሽ ቢጠብቁ ምን ይጎድልባቸዋል? አሁን ያለው የኅብረት ስምምነት እስከ 2030 የውድድር ዘመን ይቆያል። የተጫዋቾች ማኅበር ቀጣዩን ሲደራደር፣ ረኒንግ ባኮች በቁጥር ጥቂት ናቸው ብሎ እንዳያልፋቸው እጠይቃለሁ።

ለእናንተም፣ እዚህ አሜሪካ የፉትቦል ጫማ ለገዛችሁ እናቶችና አባቶች አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ አንድ ቀን የሚፈረም ወረቀት ይዞ ቢመጣ ስንት እንደሚከፈለው ከመጠየቃችሁ በፊት መቼ እንደሚከፈለውና ከዚያ ውል ለመውጣት የሚወስነው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን ሳታገኙ እንዳይፈርም።